ሁለት ጠርሙስ የስኪዳም አረቄ

መምህራችን ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ጥናት ሲያከፋፍል እኔን ከጋናዊው የመንገድ መሐንዲስ ጋር አጣመረኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ክፍሉ ውስጥ ከአፍሪካ የመጣነው ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ይግባባሉ ብሎ ይመስለኛል። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ቦታው ዘ ሄግ ነው። ርዕሳችን የጋና ካካዎ ከጫካው ወደብ ለመድረስ ለምን እንደሚቸገር ነበር። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋናን ከጊኒ ሳምታታ የኖርኩ ሰው ነኝ።

እሱ ያስረዳኛል፤ በማግስቱ ያስረዳኝን መልሶ ያፈርሰዋል። ዛሬ አገሩ ወርቅ ያላት፣ ካካዎዋ በዓለም የታወቀ፣ ትልቅ ወንዝ ገድባ መብራት የምታመነጭ ናት። ነገ እናቱ አንድ ሳሙና ለመግዛት ጎህ ሳይቀድ ትሰለፋለች። የግድቡ መብራት አብዛኛው ወደ አሉሚኒየም ማቅለጫው ይሄዳል፤ ሐይቁ መሬታቸውን የዋጠባቸው ገበሬዎች በኩራዝ ያመሻሉ። የካካዎው ጆንያ ተሰፍቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ መኪናው ግን ጎማ የለውም። ጎማ ሲገኝ ነዳጅ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲመጣ ድልድዩ የለም። ራሴ ዞረ።

«ሀብታም ናችሁ ወይስ ድሃ?» አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ።

«አዎ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

በትልቅ ወረቀት ላይ ካርታ ሠራልኝ። ሐዲዱን ከጫካው እስከ ታኮራዲ ወደብ በቀይ፣ የመኪናውን መንገድ በጥቁር። በጥቁሩ መስመር ላይ፣ እናቱ መንደር ለመድረስ ትንሽ ሲቀር፣ አንድ ቦታ የመስቀል ምልክት አድርጎበታል። ጎርፍ ግማሹን የወሰደው ድልድይ ነው። እሱ ሊጠግነው ጀምሮ፣ ብረቱ ስላልመጣለት ትቶት ነው ወደ ሆላንድ የመጣው። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ሲያወራ እጁ አያርፍም፤ ስለዚያ ድልድይ ሲያወራ ግን እጁን ኪሱ ይከታል።

ለጥናቱ አምስተርዳም ወደብ ሄደን ነበር። አጎቱ እዚያ የካካዎ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከመንደሩ መውጣት አቃተው ስንለው የከረምነው ካካዎ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ግራ ገባኝ። አጎቱ በጎረቤት አገር ስም የታተመ አንድ ጆንያ መታ መታ አደረጉና «ይሄም የእኛው ነው» አሉኝ። «ወደ ራሳችን ወደብ የሚወስደው መንገድ ሲበላሽ በድብቅ ድንበር ይሻገራል፤ እዚያ ስሙን ይቀይራል።» ከዚያ በኋላ የትኛውን ጆንያ ማመን እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

ወደድኩት። መቼ እንደጀመረኝ አላስታውስም፤ ብቻ ድምፁን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ቀን አይመስለኝም ነበር። እሱም እንደወደደኝ ያስታውቅበታል። ዴልፍት ከተማ ትምህርቱን የሚቀጥልበት ዕድል አግኝቶ ነበርና፣ ለመቆየት አንድ ምክንያት ብቻ እንደቀረው ነገረኝ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

በዚያው ሰሞን ባቡር ውስጥ ሆነን፣ «ከአጎቴ ጋር መጥተን ብናንኳኳ ቤታችሁ በሩን ይከፍትልናል?» አለኝ።

«የእኛ ቤት በር መቼ ለእንግዳ ተዘግቶ ያውቃል?» አልኩት።

ፊቱ በራ። ያን ያህል ምን እንዳስደሰተው አልገባኝም።

ቤታችን ያልኩት የእትዬን ቤት ነው። እትዬ ከአንድ የዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ቤያርደንሃውስ በሚሉት የአረጋውያን ቤት በምግብ ማብሰል የሚሠሩ ባልቴት ናቸው። የላይኛውን ክፍል አከራዩኝ ይባል እንጂ ሲቆጡኝም ሲያዝኑልኝም እንደ እናት ነበር። ጾም የማይሽሩ፣ ሰው የሚያከብሩ፣ ከተቀየሙ ግን ቶሎ የማይመለሱ ሴት ናቸው።

እንግዶቹ የመጡት በዐቢይ ጾም፣ እሑድ ቀን ነው። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ገብተው ተቀመጡ፤ ውሃ ጠይቀው ጠጡ። አጎቱ ከከረጢት ሁለት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። ሮተርዳም አጠገብ ስኪዳም ከተማ የሚወጣው፣ ስናፕስ የሚሉት ኃይለኛ አረቄ ነው። ከዚያ ዝም አሉ። እትዬ ፈገግ ብለው ሽሮና ጎመን አቀረቡላቸው፤ እሳቸውም ዝም አሉ። እንግዶቹ በልተው አመስግነው እትዬን ያያሉ። አጎቱ አንድ ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁ። እንዲህ ሆነን እስኪመሽ ቆየንና ተነሥተው ሄዱ፤ ጠርሙሶቹ ቀሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እትዬ በሩ እንደተዘጋ። «ባል የሌላት ሴት ቤት፣ ያውም በጾም፣ አረቄ ይዞ መምጣት ምን ማለት ነው? ምን መሰልናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«ነገ ተሸክመሽ ትመልሺላቸዋለሽ። ሁለቱንም።»

በማግስቱ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ያለው ክፍሉ ድረስ ወሰድኩለት። አፍሬያለሁ፤ እንዳይከፋውም ፈልጌያለሁ። «እትዬ አመስግነዋል፤ ግን ለእኛ አይሆነንም ብለዋል» አልኩት።

ከረጢቱን ከፍቶ አየ። «ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«አንቺስ? ያንቺም ሐሳብ ይሄው ነው?»

ስለ መጠጡ የሚጠይቀኝ መስሎኝ «እኔማ ድሮም አልወደውም» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ጥናቱን የጨረስነው እንደ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እየተጻጻፍን ነው ማለት ይቻላል። የዴልፍቱን ትምህርት ትቶ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሰማሁት ለክፍሉ ሲናገር፣ ከሌላው ተማሪ እኩል ነው። ያልጨረስኩት ድልድይ አለኝ አለ። ተናደድኩ። ሲጫወትብኝ ከርሟል ብዬ አለቀስኩ። ደግሞ መለስ ብዬ፣ የሚጫወት ሰው ሲሰናበት እንዲህ ዓይኑ ይቀላል ወይ እላለሁ። አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣብኛል። እንዲሁ ስብከነከን ወራት አለፉ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ለሌላ ጥናት ወደ አምስተርዳሙ መጋዘን ተመለስኩ። አጎቱ ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ። ተከትያቸው ሄጄ ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅኳቸው።

«መጠጡን መለሳችሁ» አሉኝ።

«ስለማንጠጣ ነዋ።»

አጎቱ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ቀስ ብለው አስረዱኝ። በእነሱ ዘንድ ሴት ልጅ ለትዳር የምትጠየቀው በዚያ አረቄ ነው፤ ማንኳኳት ይሉታል። ቤተሰቧ ከተቀበለ ጠርሙሱ ተከፍቶ ይጠጣል፤ ካልተቀበለ እንደታሸገ ይመለሳል። አገር ቤት መጠጡ እንደ ሳሙናው ጠፍቶ ሠርግ ሲዘገይ፣ እሱ መፍለቂያው ስኪዳም ከክፍሉ በእግር የሚደረስ ሆኖ ማግኘቱን እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮት ነበር። በዚያ ላይ እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ የሚናገረው ውሃ ከጠጣ በኋላ የቤቱ ባለቤት ሲጠይቀው ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጡት እትዬ እንዲጠይቋቸው ነበር።

በእኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳን ለምን መጣህ ማለት ውጣልኝ ከማለት አይለይም። እስኪነጋ ቢቀመጡም እትዬ አይጠይቁም ነበር። ልሳቅ ላልቅስ ጠፋኝ።

ማታ ለእትዬ ነገርኳቸው። የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ።

«ሽማግሌ ነበሩ በይኛ» አሉ ቆይተው። «ሽማግሌ ቁጭ ብሎ? እሺ ሳይባል ማን ይቀመጣል?» ከዚያ ነጠላቸውን ከቁም ሳጥኑ አወጡ።

በማግስቱ ስኪዳም ወርደን ያንኑ ዓይነት ሁለት ጠርሙስ ገዛንና አምስተርዳም አጎቱ ቤት ሄድን። ወንበር ሲሰጧቸው እትዬ እንቢ ብለው ቆሙ። አጎቱ ውሃ አመጡና ለምን እንደመጣን ጠየቁ። ስተረጉምላቸው የእትዬ ፊት ልውጥ አለ። ቅያሜያቸውን ዋጥ አደረጉትና «ሳናውቅ የመለስነውን ልንቀበል ነው» አሉ። «እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

አጎቱ ተጨነቁ። የሴት ወገን መጠጥ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ደግሞም እሺ የሚለው ልጁ ነው፤ ልጁ ያለው ከድልድዩ ማዶ፣ እናቱ መንደር ነው። ስልክ እዚያ አይገባም። ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ካካዎ ሊጭን ወደ ታኮራዲ በሚሄድ መርከብ ላይ የሚሠራ የአገራቸው ሰው እንዳለ ትዝ አላቸው። ከመርከቡ በባቡር፣ ከባቡሩ በጭነት መኪና ይደርስ ይሆናል አሉ። «እሺ። ይሞከራል።» እትዬ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ወደ ዘ ሄግ ስንመለስ ያ ካርታ ዓይኔ ላይ መጣ። ቀዩ መስመር፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ መስቀሉ። የጭነት መኪናው የሚሻገረው ድልድዩ ካለቀ ነው። እሺታዬ እጁ የሚገባው ያንን ድልድይ እሱ ራሱ ከጨረሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን አያውቅም። አለዚያ ጠርሙሶቼም እንደ ካካዎው መንገድ ዳር ይቀራሉ። ብረቱ ደርሶለት ይሆን እያልኩ ክረምቱን ሙሉ አልተኛሁም።

በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አጎቱ በራችንን አንኳኩ። እትዬ ውሃ ሰጧቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ እንግዳን «ለምን መጡ?» ብለው ጠየቁ።

አጎቱ ከኮታቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ስኪዳም የገዛነው ነው። እንደታሸገ የተመለሰ መሰለኝ። እትዬ አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረጉት፤ ክዳኑን ከፍተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።