ሞተሩ ሳሎን የከረመበት ሰሞን

ሰፈሩ «ቆጣሪ» ይለዋል። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየደጃፉ እየቆመ፣ ጎንበስ ብሎ የብረት ክዳን እያነሳ፣ የሸረሪት ድር በእጁ እየጠረገ ቁጥር ሲጽፍ ኖሯል። የሚዞረው በገዛ ሞተርሳይክሉ ነው። ከውሃ ቆጣሪው በፊት ቧንቧ ቀጥለው ውሃ የሚስቡ ሁለት ሦስት ሰዎች የሞተርሳይክሉን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ የውሃ ጎማቸውን ጠቅልለው ይደብቃሉ ይባላል። እሱም ያውቃል፤ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ሚስት አላገባም። የሚኖረው ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። ትዳሯ ፈርሶ አንድ ሻንጣና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ይዛ ከተመለሰች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሳሎኑ መሥሪያዋ ነው፤ መኪናዋ በመስኮቱ ሥር፣ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ቀሚሶች በግድግዳው ላይ። ብዙ አያወሩም። ጠዋት «ደህና አደርክ፣ ጋሼ» ትለዋለች፣ ማታ «ደህና እደሪ» ይላታል፤ መሐሉን ሬዲዮው ይሞላዋል።

በዚያ ክረምት ሞተርሳይክሉ ማጨስ ጀመረ። ሰማያዊ ጭስ ከኋላው ይግተለተላል፣ ዘይት እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል። መንገድ ዳር ያለው ባለጋራዥ የድሮ ጓደኛው ነው። ድምፁን ሰምቶ «ፋሻው አልቋል» አለው። ፋሻ ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከብበው ብረት ነው፤ እሱ ሲበላ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፍና ይቃጠላል። «አምጣልኝ፤ በሁለት ቀን አስረክብሃለሁ።»

«ሞተሩን ራሴ አወርደዋለሁ» አለ ቆጣሪ።

«እንደ ድሮው መሰለህ?»

«ሁለቴ አውርጄዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጠዋት ጀምሬ ለምሳ እጄን ታጥቤያለሁ።»

ባለጋራዡ አጥብቆ ለመነው፤ ቆጣሪ ግን በሐሳቡ ጸና።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ጭቃ ስለነበር ሞተርሳይክሉን እየገፋ ሳሎን አስገባው። እህቱ ቀሚሶቿን ሰብስባ አልጋዋ ላይ ከመረች። «አንዱ ላይ ዘይት ጠብ ቢል ከደንበኛዬ ጋር የምትፋረደው አንተ ነህ» አለችው። «እሺ» አለ፤ አልሳቀም።

ዘይቱን በሳፋ አፈሰሰ። የነዳጁን ቧንቧ ነቀለ፣ የጭስ ማውጫውን ፈታ፣ ካቴናውን አወለቀ። ሽቦዎቹ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም እንዳይጠፋው እህቱ ጫፍና ጫፋቸውን በክር አሰረችለት፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። ድሮ ክር አያስፈልገውም ነበር። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ቆመ። አንዱን ዳዶ ለመፍታት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀበት። «ዝጓል» አለ። እህቱ ዞር ብላ ስታየው ዳዶው ያብለጨልጫል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ለማንሳት ጠራት።

«በጀርባሽ እንዳይሆን፣ በጉልበትሽ ተነሺ። መጀመሪያ ወደኔ አዘንብዪው።»

ተሸክመው አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፉት። ሞተርሳይክሉ መሐሉ ባዶ ሆኖ፣ ሽቦና ገመዱ ተንጠልጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቆጣሪ ምሳም ሳይበላ እጁን ታጥቦ ተኛ።

ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ፣ ውስጡ ለአዲስ ፒስተን ተስተካክሎ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሞተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ እዚያው ሳሎን ከረመ። ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሰፋ መኪና ነው?» ብላ እህቱን አስቃታለች። ቆጣሪ በእግሩ እየዞረ ያነባል፤ ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይመጣል።

ሲሊንደሩ በመጣ ማግስት፣ እሁድ፣ አዲሱን ፒስተን ሊገጥም ተቀመጠ። ፒስተኑን የሚይዘው ፒን እንዳይሸሽ በግራና በቀኝ ከጥፍር የማትበልጥ ክብ የሽቦ ስፕሪንግ ትቆልፈዋለች። በቀጭን ፒንሳ ይዞ፣ ጨምቆ፣ ቦታዋ ላይ ጠቅ ማድረግ ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ተስፈንጥራ ስፌት መኪናው ሥር ገባች። እህቱ መርፌ በምትለቅምበት ማግኔት አወጣችለት። ሁለተኛው ጊዜ ግድግዳውን መታች። ሦስተኛው ጊዜ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አፍ ወደቀች፤ ደግነቱ አፉን በጨርቅ ወትፎት ነበር።

«የማትረባ ብረት ናት። ልኳ አይደለም» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ፒንሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ አርፏል፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ግን ምንም ሳይዙ፣ ክኒን እንደሚያንከባልል ሰው፣ ብቻቸውን ይፋተጋሉ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። አባታቸውንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በማንኪያ ያበሏቸው እነሱ ሁለቱ ናቸው፤ ምሳ እሱ፣ እራት እሷ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እጅህ ነዋ፣ ጋሼ።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ፒንሳውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ዓመት አልፎታል።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። እንደ አባባ ነው።»

ታለቅሳለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ተነስታ እጇን ታጥባ መጣችና ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ስጠኝ።»

«መርፌ አይደለም እኮ» አለ፤ ድምፁ ሸካራ ነበር።

«አውቃለሁ። መርፌ ቢሆን መች አንተን እጠይቅ ነበር። በየት በኩል ነው የምትገባው?»

በሁለተኛው ሙከራ ጠቅ አለች። በሌላው ወገን ያለችውም ገባች። ከዚያ ወዲያ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሠራለች። «የፋሻዎቹ ክፍተት ባንድ መስመር እንዳይሆን፣ አዟዙሪያቸው። ቀስ፤ ይሰበራል። አሁን ሲሊንደሩን አውርጂው።» አንድ ጊዜ መፍቻውን ከእጇ ነጠቃት። አንዱን ዳዶ ራሱ ሊያስይዝ ጥቂት ታገለ፤ ዳዶው ተንሸራቶ ተንከባለለ። መፍቻውን መለሰላትና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እሷም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንድም ነገር ሳትነካ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቀችው። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «የቱ ጋ ደረስን?» አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሰው ሰቀሉት። ሲያነሱት እጁ ከዳው፣ ሞተሩ አዘነበለና የእህቱን ጣት ከብረቱ ጋር ጨፈለቀው። ጥፍሯ ወዲያው ጠቆረ። «ተይው፣ ተይው» ሲላት «ቡሎኑን አስገባ፣ ኋላ ታዝንልኛለህ» አለችው። ክሮቹን እያየች ሽቦዎቹን አገናኘች። ዘይት ሞሉበት። ሞተርሳይክሉን ወደ ደጅ ገፍተው አወጡትና እሱ ሦስት ጊዜ ረገጠው፤ እምቢ አለ። በአራተኛው ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አጨሰ፣ ከዚያ ጠራ። ድምፁ እኩል ነበር።

ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ አጠፋው።

«እስኪ ዙርበት» አለችው።

«ከእንግዲህ አልነዳም።»

«ታዲያ ለምን ይሄን ሁሉ አለፋኸን?»

ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ክረምቱ ሳይገባ አንዲት አሮጊት ዳቦ ታቅፈው መንገድ ሲሻገሩ፣ ፍሬኑን ጨብጥ ሲለው እጁ እንዳልታዘዘው ነገራት። እሳቸውን ለማዳን ከግንብ ጋር ነበር የተላተመው። እሳቸው ምንም አልሆኑም፤ ዳቦውን ከመንገድ ላይ ለቅሞ ሰጥቷቸው ሄደ።

«ለማንም አልተናገርኩም። ሞተሩን ብቻዬን አውርጄ ብቻዬን ከሰቀልኩት እቀጥላለሁ፣ ካልቻልኩ አቆማለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።»

እሷ የጠቆረውን ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሰኞ ሄዶ ለአለቃው ነገረው። መዝገብ ክፍል አስቀመጡት። ሰባት ወር ያህል ደብዳቤ ሲመዘግብ ቆየ። ፊደሉ በየሳምንቱ እያነሰ ሄዶ ሰው ሊያነበው የማይችል ሲሆን ምስክር ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ሞተርሳይክሉን በሱ ቦታ የገባው አንባቢ ገዛው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምትቆልፍለት እህቱ ናት። እሱን ሬዲዮው አጠገብ ካስቀመጠችው በኋላ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና፣ ስፌት ባይኖራትም፣ ከሁሉ በፊት መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። እጇን ትክ ብላ እያየች ነው የምታስገባው። አንድ ቀን ከኋላዋ «ገባልሽ?» አላት። ሲያያት እንደነበር አላወቀችም። «ገባ፣ ጋሼ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠይቃታል።

ባለፈው ሳምንት የመርፌውን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሳተችው። ብርሃኑ ነው ብላ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«ገባልሽ?»

«ገባ» አለችው፤ ክሩን ምላሷ ላይ አርጥባ እንደገና ሞከረች።