አራተኛ ክፍል ብዬ የሞላሁት ቅጽ

ዛሬ በወላይታ ሶዶ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የገጠመኝን እስካሁን ማመን አልቻልሁም።

የአንባቢነት ቅጽ ስሞላ ለትምህርት ደረጃዬ «አራተኛ ክፍል» ብዬ ጻፍሁና እስኪያሰናብቱኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ኃላፊዋ ግን የትውልድ ቦታዬን አይተው «ከጎጃም ነህ? እሰይ! ለክረምቱ የልጆች ንባብ አማርኛ የሚያነብልን አጥተን ነበር፤ ግባ!» አሉኝ።

«እኔ እኮ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ» ብላቸው፣ «ልጆቹ ሦስተኛ ናቸው፤ በአንድ ትበልጣቸዋለህ» ብለው መጽሐፉን አስያዙኝ።

(ጫማዬን እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቄ ስለነበር ልጆቹ ፊት የቆምሁት በካልሲ ነው።)

ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ረጅም ቃል አስቸገረኝ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ «አይዞህ ጋሼ፣ እኛም እዚያ ጋ እንሳሳታለን» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብሁ።

ነገም ና ተብያለሁ። እናንተስ ያባርሩናል ብላችሁ ገብታችሁ፣ ቁጭ በሉ የተባላችሁበት ቀን አለ? ንገሩኝ።