የምንሽር ክብደት

አሁንም በጌጃ ሰፈር በኩል ሳልፍ ወፍጮ ቤት ካጋጠመኝ፣ የትኩስ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ሳያበቃ ጆሮዬ ሳል መጠበቅ ይጀምራል። ሌላውን ሰው ያ ሽታ ያስርበዋል፤ እኔ ግን እርምጃዬን ፈጠን አድርጌ፣ ሳሉ ከየት በኩል እንደሚመጣ እያዳመጥኩ፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት መሆኔን ረስቼ አልፋለሁ።

አባቴ በልደታ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ነበረው። መኖሪያችን ከወፍጮው ጀርባ ስለነበር ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጥ፣ ብርጭቆዎቹም መደርደሪያው ላይ ይንጫጩ ነበር፤ ጸጥታ የምናውቀው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። ውሻችን ምንሽር ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጥ ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ቡችላ ሳለ አንዴ ሲጮህ ጠመንጃ የተተኮሰ ስለሚመስል በጠመንጃ ስም ጠራው። ቀይ ውሻ ነበር፣ ነገር ግን ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስለማይጠፋ ዓመቱን ሙሉ ዱቄት ለብሶ ይነጣ ነበርና እውነተኛ መልኩን የማየው ክረምት ዝናብ ሲያጥበው ነበር። እናቴ ውሻ ቤት አይገባም ባይ ነበረች፣ ምንሽርም ይህን ሕግ ከእኔ አብልጦ ያከብር ስለነበር ሥጋ እያሳዩ ቢጠሩት እንኳ ከደፉ አያልፍም ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ አባቴ ማሳል ጀመረ። «ዱቄት ነው፣ የወፍጮ ሰው ሳያስል አይሞትም» እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር፣ እኛም አብረን እንስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ሲበሳ ሳየው መሳቁን ተውኩት። ሐምሌ ላይ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሲመለሱ ለእኔ ምንም አልነገሩኝም፤ ለአባቴ ታላቅ እህት ለእትዬ ዘነቡ ግን እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሳንባ ነው አሉ» ስትላቸው ሰማሁ። አልጋውን ወደ ጓሮ ክፍል አዛውረው መስኮቱን ከፈቱለት፣ እኔንም እንዳልገባ አስጠነቀቁኝ። ወፍጮውን እናቴ ያዘችው።

ምንሽር ደፉን ያለፈው በዚያው ሳምንት ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ዝናብ ያጠበውን ቀይ ጀርባውን እያራገፈ ገብቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ ሄዶ አባቴ ክፍል በር ላይ ተጋደመ። እናቴ መጥረጊያ ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ በላዩ ተሻግራ ለአባቴ አጥሚቱን ይዛ ገባች። እኔ ወደ በሩ ስጠጋ ግን ምንሽር፣ ጀርባው ላይ እየተጋለብኩ ያደግሁት ምንሽር፣ ጥርሱን ገልጦ አጉረመረመብኝ። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም ነበር።

አባቴ በየማለዳው በዝናብ ጥላ ተከልሎ ጤና ጣቢያ ይሄድ፣ ነርሷ ፊት ክኒኑን ውጦ ይመለስ ነበር፤ ምንሽርም እየተከተለው እበሩ ድረስ ሸኝቶ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ቆይቶ አብሮት ይመለስ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ የአባቴ ሳል ቀነሰ፣ ድንች ወጥ አማረኝ ማለት ጀመረ። በዚያው ሰሞን እናቴ የምንሽርን ጎን በእጅዋ ዳብሳ «አጥንቱ ወጣኮ» አለች። ቀጥላም ምክንያቱን ራሷ ሰጠች። «ፍልሰታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሥጋ ሳይቀምስ ውሻ ከየት አምጥቶ ይወፍራል? ጾሙ ሲፈታ ያገግማል።» ጾሙ ተፈታ፣ እንቁጣጣሽ መጣ፣ መስቀልም አለፈ፤ ምንሽር የተሰጠውን አጥንትም ፍትፍትም ሳያስተርፍ ይበላል፣ ይከሳል።

መስከረም ማብቂያ ላይ አንድ ማለዳ የአባቴ ሳል ቀሰቀሰኝ። ካቆመ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖት ነበር። ያው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ትንፋሽ የመሳብ ድምፅ፤ ቤታችን ውስጥ በዚያ ክረምት ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ሳል ነበር። ተመልሶ ያዘው ብዬ ተነስቼ በባዶ እግሬ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። አባቴ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ሰላማዊ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ሳሉ የመጣው ከታች ነው። ምንሽር በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ መሬት ዘርግቶ፣ በአባቴ ሳል ያስል ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አባቴን ክብደትህን ተከታተል ብላው ስለነበር፣ ጥቅምት ላይ ወደ ሥራው ሲመለስ በየቅዳሜው የእህል ሚዛኑ ላይ ይወጣ ጀመር። ሚዛኑ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ጆንያ ከነእህሉ የሚጫንበት የብረት ሚዛን ነበር። አባቴ በአንድ እጁ ግድግዳ ይዞ፣ በሌላው መመዘኛውን ብረት ገፋ መለስ እያደረገ የሚዛኑን ክንድ ካስተካከለ በኋላ ቁጥሩን በወፍጮ ቤቱ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። «እይኝ ሚጣዬ፣ ግማሽ ኩንታል ሞላሁ!» ብሎ የጮኸበት ቅዳሜ ከበዓል ይበልጥብኝ ነበር። በዚያው ደስታው ምንሽርን አቅፎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠውና «አንተስ ስንት ነህ፣ ሽማግሌው?» አለው፤ የእሱንም ቁጥር ከራሱ ቁጥር አጠገብ ጻፈ።

ጨዋታ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አባቴ አንድ ኪሎ ጨምሮ ምንሽር አንድ ኪሎ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። በአራተኛው ሳምንት ሁለቱ ረድፎች በሩ ላይ ጎን ለጎን ወርደው፣ አንዱ ሲያድግ አንዱ ሲያንስ፣ መደመር የምታውቅ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሁሉንም ልታየው ትችል ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ ድምሩ አይለወጥም። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴም ማየቱን ያወቅሁት መቀለዱን ሲተው ነው።

የተናገሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አስቀድሰው እሑድ እሑድ ጸበል ይዘውልን ይመጡ ነበር። በሩን አይተው፣ ውሻውን አይተው፣ ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው አማተቡ። እናቴ የእንስሳት ሐኪም ጋ ልትወስደው ማሰቧን ስታነሳ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ተይ አንቺ! እየወሰደለት ነው። እንስሳ ለጌታው ክፉውን ይዞ ይሄዳል። ሐኪም ጋ ወስደሽ ብታድኚው፣ የያዘውን የት ሊጥለው ነው?»

እናቴ ሳቀችባቸው፣ ያቺ ሳቅዋ ግን ግማሽ ላይ ቆመች። ሐኪም ጋ መሄዱም ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሳም።

ብርዱ በገባ ጊዜ ምንሽር ቅዳሜን ያውቅ ጀመር። አባቴ ከሚዛኑ ሲወርድ ማንም ሳያነሳው ራሱ ወጥቶ፣ አራት እግሩን ሰብስቦ ቁጭ ብሎ፣ ቀና ብሎ አባቴን ያየው ነበር። ልማድ ነው ይባላል፤ ውሻ ብዙ ነገር ይለምዳል። እኔ ግን ያቺን አስተያየት መቋቋም አልቻልኩም፣ አንድ ቅዳሜ የአባቴን ኮት ይዤ «አባባ፣ ሐኪም ጋ እንውሰደው» አልኩት። አባቴ መኪና የገጨውን የሰው ድመት በጋቢው ጠቅልሎ አሳክሞ የሚያውቅ ሰው ነበር። በሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አየ። ከዚያ ጠመኔውን ኪሱ ከተተና «ትንሽ ይቆይ፣ ሚጣዬ። ክኒኔን ልጨርስ» አለኝ። ዓይኔን አላየኝም።

እንግዲያው እኔ አድነዋለሁ አልኩ። የገና ጾም ገብቶ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ለታማሚው ፈቅደውለት፣ ለእኔም እንዳይጋባብኝ ተብሎ እናቴ በየማለዳው ሁለት እንቁላል ትቀቅል ነበር፣ አንዱ ለአባቴ፣ አንዱ ለእኔ። የእኔን በኪሴ ይዤ ወጥቼ ከወፍጮው ጀርባ ለምንሽር እሰጠው ጀመር። በቀሩት ጥርሶቹ ቀስ ብሎ እያኘከ፣ ሲጨርስ መዳፌን ይልስ ነበር፤ ምላሱ ሻካራና ትኩስ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ጅራቱን እንደ ድሮው ሲወዘውዝ አየሁት።

ቅዳሜ ዕለት ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። አባቴ ብረቱን ገፋ፣ እንደገና ገፋ፤ ምንሽር ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨምሮ ነበር። አንድ ኪሎ። ልጮህ ስል አባቴ ራሱ ወጣ። ብረቱን ወደ ለመደው ቦታ አመጣው፣ ክንዱ ወደቀ፤ ትንሽ መለሰው፣ አሁንም ወደቀ። ሲስተካከል አንድ ኪሎ ጎድሎ ነበር። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት እህል እንዳልቀመሰ ዛሬ አስታውሳለሁ። ያኔ አላስታወስኩም። የታየኝ አባቴ በጠመኔ የሚጽፈው ቁጥር ነበር፣ የተሰማኝም አባቴን በገዛ እጄ፣ በየማለዳው አንድ አንድ እንቁላል እያልኩ እየገደልኩት መሆኔ ነበር።

ከእሑድ ጀምሮ እንቁላሌን ራሴ በላሁ። ምንሽር ከወፍጮው ጀርባ ይጠብቀኝ ነበር። ባልሄድ መጠበቁን ይተው ነበር፣ ግን መሄዱን አልተውኩም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እሱ ከኋላዬ ሲያስል እየሰማሁ በላሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ግንቡን ስሜ «እመቤቴ፣ ምንሽር ይክሳ» ብዬ ለመንኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ጨመረ፣ ምንሽር ቀነሰ። ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ነው ቤት የገባሁት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አባቴ የመጨረሻ ክኒኑን ውጦ መጣ። ማለዳ ሲሄድ ምንሽር ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከተለውም ነበር። «ጨረስኩ!» እያለ የግቢውን በር ከፍቶ ሲገባ እናቴ እልል ልትል ከፍታው የነበረውን አፏን በእጅዋ ያዘች። ቅዳሜ አልነበረም፣ ረቡዕ ነበር፤ ምንሽር ግን ሚዛኑ ላይ ነበር፣ ዱቄት ለብሶ፣ አገጩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ። ገና አልቀዘቀዘም ነበር። የአባቴ እጅ በልማድ ወደ መመዘኛው ብረት ሄዶ ወደ ዜሮ አቅጣጫ ገፋው፣ ገፋው፣ ገፋው። የት ላይ እንደቆመ አልነገረንም፣ በሩ ላይም አልጻፈውም።

በሰፈራችን የሞተ ውሻ በገመድ ተጎትቶ ወንዝ ይጣላል እንጂ አይቀበርም ነበር። አባቴ ንጹሕ ጆንያ መርጦ ጠቀለለውና አጥሩ ሥር ቆፈረለት። እትዬ ዘነቡ ዜናውን ሰምተው ሲደርሱ ጉድጓዱ ተጋምሶ ነበር። «ተመስገን በል እንጂ! ይዞልህኮ ሄደ!» አሉት። በታላቅ እህቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባቴ ቀና ሳይል «እትዬ፣ በቃሽ!» አላቸውና መቆፈሩን ቀጠለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

በቅርቡ አንድ የእንስሳት ሐኪም አግኝቼ ነገሩን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ጠየቅሁት። የሳንባ በሽታ ከሰው ወደ ውሻ ሊተላለፍ እንደሚችል ነገረኝ። «ግን ያረጀ ውሻ ሲከሳ ኩላሊትም ሊሆን ይችላል፣ ትልም፣ ጥርስም። ሳይመረመር ማን ያውቃል?» አለኝ። ስለ ሚዛኑ አልነገርኩትም።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ሰማንያን ተሻግሮም ምሳው ሁለት ደቂቃ ከዘገየ የሚቆጣ፣ ሆዱ የሞላ፣ ደረጃ ሲወጣ ብቻ የሚያለከልክ ሽማግሌ ሆኗል። ሲበላ አየዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ያኔ ምንሽርን እንቁላሉን የነሣሁት ነገሩን አምኜ ነበር፤ ሕፃን ስለነበርኩ፣ እትዬ ዘነቡ ስላሉ፣ በሩ ላይ ስለተጻፈ። ዛሬ አላምንም፣ የሚበላ ሰው ይወፍራል፣ የታመመ ውሻ ይከሳል፣ በመሃላቸው ምንም የለም። ሆኖም ያ ሽማግሌ ውሻ ዛሬ መጥቶ ፊቴ ቢቀመጥና፣ አባቴ ማዶ ክፍል አንዴ ቢያስል፣ እንቁላል የያዘ እጄን ከኪሴ እንደማላወጣ አውቀዋለሁ።