ቡድናችን ሲያድግ እመጣለሁ

ሲያትል ውስጥ የዚያ የእንግሊዝ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ሱቅ የነበራቸው ጋሼ። ሌላው አበሻ የሚደግፈው ዋንጫ የሚበላውን ነው። እሳቸው በጎልማሳነታቸው፣ እኔ በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያየነው ቡድን ግን ከእንግሊዝ ዋና ሊግ ወርዶ ሁለተኛው እርከን ላይ ቀረ። እኛም አብረነው ወረድን።

እንግሊዝ ከቀትር በኋላ ሲጫወት እዚህ ገና ማለዳ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ ሥራዬ ከመግባቴ በፊት፣ በሱቁ ጓዳ የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እናያለን። ጋሼ የዚህን እርከን ታሪክ እንደ ዘር ሐረግ ይቆጥሩታል።

“መጀመሪያ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር” ይላሉ። “ትልልቆቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ሊግ ሲያቋቁሙ፣ ሁለተኛው አንደኛ ተባለ። ቆይቶ ደግሞ የሻምፒዮን ስም ሰጡት። አየህ፣ አንድ ደረጃ ሳንወጣ ሁለት ጊዜ ተሾምን!”

ሃያ አራት ቡድን፣ አርባ ስድስት ጨዋታ። ሁለቱ በቀጥታ ያድጋሉ፤ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራቱ ለአንዲት ቀሪ ቦታ ይፋለማሉ። ቡድናችን ከዚያች ቦታ ደጃፍ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እኔ ረስቼዋለሁ፤ ጋሼ አይረሱም።

ነገሩ የመጣው አንድ ክረምት በረዶ ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ በኋላ ነው። ከሲያትል ወጣ ብላ ሊንውድ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ሱቁን ትተው ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ለመነች፤ እምቢ አሏት። ሽማግሌ ላከች። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እንደ ወጉ፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም ብለን ፊታቸው ቆምን። ጋሼም “እሺ፣ ቡድናችን ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ እመጣለሁ” አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ኳስ የሚያውቁት ከዋንጫው ወዲያ አያልፍም። የጥቂት ሳምንት ጉዳይ መስሏቸው መርቀው ተቀመጡ። እኔ እውነቱን አውቅ ነበር፤ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈናል። ግን ዝም አልኩ። ጋሼ ከሄዱ ቅዳሜዬ ባዶ ሊቀር ነው። ሽምግልናዬን ለሽሮ ጆንያ መቀመጫ ሸጥኩት ማለት ነው።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ልጃቸው ትደውላለች፤ “አባዬ፣ ሶ ዘንድሮስ?”

“ተስፋ አለ ልጄ” ይሏታል፣ እኔን በዓይናቸው እየጠቀሱ። “አሰልጣኝ ቀይረናል።”

ባለፈው ዓመት ግን ቡድኑን ምን እንደነካው እንጃ፣ ለዚያች ለአንዲት ቦታ የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ደረሰ። ልጃቸው ራሷ ከሊንውድ ነድታ መጣች። በሕይወቷ አንድ ጨዋታ ሙሉ አይታ የማታውቅ ሴት፣ የቡድናችንን ማሊያ ለብሳ መሃላችን ተቀመጠች። አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚያችን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጨፈንኩና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ “አግባው” አልኩ። ዕድሜ ልኬን የደገፍኩትን ቡድን በአንዲት ቃል ከዳሁት።

በረኛችን አዳነው። አለቀ።

ልጅቷ እልልታዋን አቀለጠችው። “አባዬ! ኦኬ፣ ዛሬውኑ ፓክ እናደርጋለን!” ብላ ካርቶን ፍለጋ ወደ ፊት ለፊቱ ሱቅ ሮጠች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። “እንዲገባ ነበር አይደል የጸለይከው?”

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። “አዎ ጋሼ፤ አንቱን እንዳላጣ ብዬ ነው።”

“እኔም” አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። ሱቁን ለእህታቸው ልጅ አስረክበው በሳምንቱ ሄዱ። በዚያ ቀን ካርቶን ስሸከም ውዬ፣ በመጨረሻ የጓዳውን ቴሌቪዥን ልነቅል ስል እጄን ያዙኝ።

“ተወው። ሽማግሌዎቹ ስለ መውረድ ያሉት ነገር የለም።”

ይኸው ዘንድሮ በዋናው ሊግ ከትልልቆቹ ጋር ነን። ድሮ የሳቁብን ሁሉ አሁን “ቡድንህ እንዴት ነው?” ይሉኛል። እኔ ግን ጓዳው ውስጥ ብቻዬን እያየሁ ጋሼ ናፍቀውኛል። ጎል በገባብን ቁጥር ደስ ይለኛል ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ለዜሮ ተሸንፈን የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጥን። የዳኛው ፊሽካ እንደተነፋ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነበሩ፣ ከሊንውድ። ልጃቸው እንዳትሰማቸው በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

“ጆንያዬ ላይ” አሉኝ፣ “ማንም እንዳይቀመጥ።”