ከአባቴ ንግግር የቆረጥኩት ይቅርታ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ምስጢሬን ሁሉ ለምታውቀው ለጓደኛዬ ለሳሮንም አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ «ጌታ ሆይ፣ ያችን ነገር አንተ ታውቃታለህ» ብዬ ቶሎ አልፋታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት እናንተ ናችሁና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አባቴ መጋቢ ነው። ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ የምንሰበሰበው እኛ ነን። አባቴ በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ቻናል ላይ ስለ እምነት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አገር ኑሮ ሐሳቡን ያካፍል ነበር። ስለ ጉቦ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ሃይማኖቱ ከእኛ ስለሚለይ ጎረቤት። ታዲያ የሚጽፈው በአንድ ጣት ነው፤ አንዲት መስመር እስኪጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጉርድ ሾላ አገልግሎት ውሎ ሲመለስ መኪና ውስጥ ሆኖ በድምፅ ይልክልኛል፤ እኔ ጽፌ እለጥፈዋለሁ። «ፌቪ እያለችልኝ ምን ያስጨንቀኛል!» ይላል። ከተለጠፈ በኋላ አያነበውም። ያምነኝ ነበር።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ መጻፍ እንደምችል ገና የገባኝ ሰሞን። ደስታው እንዴት ይነገራል? መጀመሪያ አንዲት ቃል ለወጥኩ። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። ሰዎች ከሥሩ «መጋቢ፣ የዛሬው ቅባት ልዩ ነው!» ብለው ሲጽፉ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እስቃለሁ። ያደነቁት እኮ የኔን ነው! ቅባቱ የኔ ነበር!

ከአዳራሹ ፊት ለፊት አንደኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ባለሱቅ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት ባለቤታቸውን ስትሮክ መታቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። የእኛ ሞንታርቦ ደግሞ የሚጮኸው በቀጥታ ወደ እሳቸው መስኮት ነው። እትዬ ዘይነባ መጥተው ድምፁን እንድንቀንስላቸው ለመኑን። አባቴ ቤታቸው ሄዶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ አዞረ፤ ምእመኑ እንዲማርበትም በቻናሉ በይፋ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ቃል ገባላቸው።

ድምፁን ላከልኝ። «ከተማ ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ጎረቤት ናት። እኛ ስንዘምር የታመመ ሰው እንቅልፍ አጥቷል። አጥፍተናል፤ ይቅር በሉን» ይላል።

አፈርኩበት። አዎ፣ በአባቴ አፈርኩ። መጋቢ እንዴት እንዲህ ይለማመጣል? እኔ አንበሳ ነው የምፈልገው! ይቅርታውን እንዳለ ቆረጥኩት። በቦታው ይህን ጻፍኩ፦ «ጆሮውን ያመመው ጆሮውን ይድፈን፤ ምስጋና ግን አይቀነስም።»

ዓረፍተ ነገሬ እንደ እሳት ተዛመተ። የንስር ሥዕል ላይ ጽፈው ተቀባበሉት። ቦሌ ውስጥ አንድ እንግዳ ሰባኪ ጮኾ ሲናገረው አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ አሉ። ክፍላችን ውስጥ አንዷ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አንብቢው እንጂ! ፋዘርሽ ይችላል እኮ!» አለችኝ። «ባክሽ? እስቲ ልየው» አልኳት፣ አይቶት እንደማያውቅ ሰው። ስሜ ከሥሩ ቢኖር ብዬ እንዴት ተመኘሁ!

እሑድ አባቴ ሌላ ቦታ ሊሰብክ ሄዶ ነበር። ወጣቶቹ «መጋቢ ራሳቸው ብለዋል!» እያሉ ሞንታርቦውን ወደ መስኮቱ መለሱት። እኔም እዚያው ነበርኩ። አጨበጨብኩ።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ይዘው ቤታችን መጡ።

«መጋቢ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያሉኝ ሌላ፣ እዚህ የጻፉት ሌላ። የቱን ልመን? ጆሮውን ይድፈን አሉ። እሱ እኮ እጁ አይነሳም! በምኑ ይድፈን?»

አባቴ አነበበው። ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ፌቪ፣ ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እስቲ ድምፁን አሰሚኝ።»

«ጠፍቷል።»

ጠፍቷል አልኩ እንጂ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ከሁለታችንም ስልክ ያጠፋሁት። አባቴ አመነኝ። ልጁን ከሚጠረጥር ራሱን መጠርጠር ቀለለው። «እንግዲህ ምላሴ ነው፤ በቅንዓት አምልጦኝ ይሆናል። ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጎንበስ አለላቸው። ላልተናገረው ነገር ጎንበስ አለ፣ እኔ ቆሜ እያየሁት።

እትዬ ዘይነባ ባለቤታቸውን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ወዳለች እህታቸው ቤት ወሰዷቸው። አባቴ ደግሞ በቻናሉ መናገሩን ተወ። «የራሱን አንደበት የማያውቅ ሰው ሕዝብ አይመክርም» አለ። ዛሬም ሲሰብክ መሐል ላይ ድንገት ዝም ይላል፤ የሚቀጥለውን ቃል የሚፈራው ይመስላል። ሰው እያሰበ ነው ይላል። እኔ ግን ማን እንዲህ እንዳደረገው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ይቅርታውን የቆረጥኩት እኔ፣ ድምፁን ያጠፋሁት እኔ፣ «አዎ፣ አባዬ» ያልኩት እኔ።

ልጅ ስለነበርኩ ነው? አይደለም። የተናገረው ስላልገባኝ ነው? ገብቶኛል፤ ስለገባኝ ነው የቆረጥኩት። የባሰውንም ልንገራችሁ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ያምረኛል። በደንብ እጽፋለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። ማፈር የነበረብኝ በሌላ ነገር ነው። በሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ «አጥፍተናል» ማለት የሚችል መጋቢ አባቴ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ኩራት ፍለጋ ሄድኩ።

ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። ብነግረው ገና ሳልጨርስ ይቅር ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ደግሞም ይሸፍንልኛል። መሸፈኑን አልፈልግም። የበደልኩት እዚህ ቻናል ላይ፣ እናንተ «አሜን» ባላችሁበት ነውና እዚሁ እናገራለሁ። ነገ ሩዋንዳ ሄጄ ለእትዬ ዘይነባና ለባለቤታቸው በአፌ እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝም አይፈረድባቸውም።

እናንተ ግን ያንን ቃል «መጋቢው እንዳሉት» እያላችሁ አትጥቀሱት። አባቴ አላለውም። ምላሱ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ስም መጻፍ ካስፈለገ የኔን ጻፉበት፦ ፌቨን።