ቅዳሜ በሎቪታ ጸጉር ቤት

ሎቪታ ግሪሾም አሜሪካ አገር አክሮን ከተማ ውስጥ ጸጉር ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ እጇን ይቀድማል። ደንበኛ ስቆ ሳያባራ ሌላ ቀልድ ታስከትላለች። በአንድ ነገር ብቻ አትቀልድም፦ በልጇ በሻሮንዳ ትምህርት። ሻሮንዳ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ወደ ቤቱ የገባችውን ሴት ጸጉር አንዴ አየት ታደርግና ሹሩባው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ትናገራለች። ከአሥር ደቂቃ በላይ ተሳስታ አታውቅም።

እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ነው ትምህርት ቤቱ በሚያዝያ ወር በደብዳቤ የመለሳት። «ልጅዎ ደስ የምትል፣ ትጉ ተማሪ ናት፤ ለከፍተኛው የሒሳብ ክፍል ግን ገና አልደረሰችም።» ሎቪታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጥፋቱ የራሷ መሰላት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ልጄን መቼ አስጠናኋት እያለች አንድ ሳምንት ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ከረመች።

ቅዳሜ የአውቶቡስ ሾፌሯ ዴሎሪስ ጸጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣለች። ማንሾካሾኳ ነበር፤ ግን የካስኩ ጩኸት የገዛ ድምፅዋን ደብቆባት ቤቱን በሙሉ አናጋችው።

«ልጄን ቴረልን እኮ ገና አልደረሰም አሉት!»

የሎቪታ ማበጠሪያ አየር ላይ ቀረ። «ደስ የሚል፣ ትጉ ተማሪ ነው ብለው?»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

ሎቪታ ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣችና አሳየቻት። ጸጉሯን ስትታጠብ የነበረች ሌላ ሴት አረፋዋን እያንጠባጠበች ቀና አለች። «ቆይ፣ ቆይ! የኔም ቦርሳዬ ውስጥ አለ!»

ሦስቱን ደብዳቤዎች ጥፍር መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። ከላይ እስከ ታች አንድ ናቸው። ሌላው ይቅርና «ትጉ» የሚለው ቃል ሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ነው የተጻፈው።

«ስለ ልጆቻችን ትጋት ይጽፋሉ፣ ቃሉን ግን መጻፍ አይችሉም!» አለች ዴሎሪስ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሎቪታ ስቃ ስቃ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ያኔ ተነሣላት። ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

እስከ ማታ ድረስ ስልክ ሲደወል ዋለ። በጠቅላላው አሥራ አራት ደብዳቤ ተገኘ። አሥራ አራቱም ልጆች ጥቁሮች ናቸው።

ማክሰኞ ዕለት አሥራ አራት እናቶች እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ትልልቅ ባርኔጣቸውን ደፍተው ርእሰ መምህሩ ሚስተር ሃልቨርሰን ዘንድ ገቡ። ባርኔጣዎቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ከፊሉ ሰው በጎኑ ቆመ።

«ቀጠሮ ያለው ማነው?» አሉ ሰውየው ግራ ተጋብተው።

«እኔ ነኝ» አለች ሎቪታ። «እነሱ አጃቢዎቼ ናቸው።»

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አቀበለቻቸው። አራተኛው ላይ ጆሯቸው ቀላ።

«ሌሎቹ ልጆች ተፈትነው ነው የገቡት?»

«አዎ፣ ፈተና አለ።»

«የኛዎቹስ መቼ ተፈተኑ?»

ሚስተር ሃልቨርሰን ብዕራቸውን አነሡ። እናቶቹ ከዚያ ቢሮ ሲወጡ በስድስት ሳምንት ውስጥ ለአሥራ አራቱም ፈተና እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይዘው ነበር። ሎቪታ ርእሰ መምህሩ ከመፈረማቸው በፊት ፊደሉን አንድ በአንድ መርምራለች።

ከዚያ ወዲያ የቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቀረና ጸጉር ቤቱ መማሪያ ክፍል ሆነ። ችግሩ እናቶቹ ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር ከረሱት ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ግማሽን በሩብ ስናካፍል ስንት ነው በሚል ሁለት ሴቶች ተኳረፉ። ያን ጊዜ ነው እማማ ኧርነስቲን የገቡት፤ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ምግብ ሠርተዋል። ፓይ የሚባሉ ሦስት ክብ የስኳር ድንች ኬኮች እና አንድ ረጅም ቢላዋ ይዘዋል።

«በሉ ዝም በሉ!» አሉና አንዱን ፓይ ለሁለት ቆረጡት። «ይሄ ግማሽ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንት ሩብ ይወጣል?»

«ሁለት!» አሉ ልጆቹ።

«ታዲያ ምኑ ነው ያጣላችሁ? በትክክል የመለሰ ይበላል፤ የተሳሳተ ያያል።»

ዴሎሪስ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች። ቴረል የእናቱን ድርሻ ዓይኗ እያየ በላባት።

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ ለዚህ ነው?»

«እማ፣ ዘጠኝ ወር ከዓመቱ ሦስት አራተኛው ነው» አላት አፉ እንደ ሞላ። እማማ ኧርነስቲን ሌላ ቁራሽ ጨመሩለት።

ሎቪታም የደንበኞቿን ጸጉር እየተኮሰች መስታወቱ ላይ የለጠፈችውን የሒሳብ ወረቀት ታጠና ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከሻሮንዳ ጋር ተወዳድራ በሁለት ጥያቄ ተሸነፈች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መሸነፍ ጣፍጧት አያውቅም።

ፈተናው ደረሰ፤ አለፈ። አንድ ዓርብ ጠዋት ሎቪታ የአንዲት ደንበኛን ራስ ግማሹን ሠርታ ግማሹን ሳትነካ ስልኩ ጮኸ። ራሳቸው ሚስተር ሃልቨርሰን ነበሩ።

«አሥራ አንዱ አልፈዋል» አሉና ስማቸውን አንድ በአንድ ጠሩላት። «ሻሮንዳ አንደኛ ወጥታለች።»

ሎቪታ ወዲያው ጠየቀች። «ሦስቱስ?»

«ለጥቂት ነው የቀሩት።»

«እንግዲያው መስከረም ላይ ይደገምላቸው። ደግሞ ከዚህ በኋላ ሳይፈተን የሚመለስ ልጅ እንዳይኖር።»

«እሺ ሚስስ ግሪሾም። እንደዚያው ይሆናል።» እንዳሉትም ሆነ፤ ሦስቱም መስከረም ላይ አለፉ።

ያን ዓርብ ሎቪታ ስልኩን እንዳስቀመጠች ማበጠሪያዋን ወርውራ ጮኸች። ደንበኛዋ ነገሩ ሳይገባት አብራ ጮኸች። ከዚያ ሁለቱም፣ አንዷ ከነሽርጧ፣ አንዷ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ መንገድ ላይ ወጥተው ሲዘሉ የዴሎሪስ አውቶቡስ ደረሰ። ገና በሩ ሲከፈት ሎቪታ «ቴረል አልፏል!» አለቻት። ዴሎሪስ ጥሩምባውን እንደ ተጫነችው ቀረች። ተሳፋሪው ምን እንደ ሆነ እንኳ ሳያውቅ አጨበጨበ።

«ግቡ፣ ግቡ!» አለቻቸው እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «የት ነው የምትወርዱት?»

«እኛ እንጃ!» አለች ሎቪታ፤ ዘልላም ገባች።