አባዬ ያመነው ሲጋራ

ባለፈው ቅዳሜ የበረንዳዬን መጋረጃ አጠብኩ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አስፋልቱ ከሥሬ ነው። መጋረጃው ከታጠበ ገና ወር ቢሆነው ነው፣ ከሳፋው የወጣው ግን የከሰል እጣቢ የመሰለ ውሃ ነበር። ጎረቤቴ ሰላም ነርስ ናት፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ስታልፍ ሳፋውን አይታ ቆመች።

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄ እኮ ነው ሳንባችን ውስጥ የሚገባው» አለችኝ። ከዚያ እግረ መንገዷን፣ ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው እንኳ በመኪና ጭስና በከተማ አየር የተነሳ የሳንባ ካንሰር ሊይዘው እንደሚችል ነገረችኝ። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሁለቴ አስደገምኳት። ምን ሆኑ ብትለኝ የአባቴን ነገር አወራላት ጀመር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። አብነት ሰፈር፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና ማርሽ የሚቀይርበት ዳገት ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሃያ ምናምን ዓመት ሰፍቷል። ነጭ ጨርቅ የመጣለት ቀን በላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ካልሸፈነው ገና ሳይሰፋ ይጠቁራላ። ራሱን ግን ማን ይሸፍነው። ማታ ሲገባ በጋዜጣ የተጠቀለለ የምስር ሳምቡሳ ይዞልን ይመጣል። ሳምቡሳውም ኮቱም ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ እኔማ የሳምቡሳ ጠረን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሳል ጀመረው። እማዬ ብርድ ነው አለች። ዝንጅብሉ ተፈላ፣ ፌጦው ተወቀጠ፣ ጠበሉም ተሞከረ። ሳሉ ደም ሲቀላቅል ሐኪም ቤት ወሰድነው። ዶክተሩ ራጁን ወደ ብርሃኑ አንስቶ እያየ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ በፍጹም አለ። የሳንባ ካንሰር መሆኑን የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው፣ የእማዬ ጆሮ ግን ያቺን ጥያቄ ይዞ ቀረ። ሐኪም በከንቱ አይጠይቅም አለች።

ኮቱን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመት እማዬ ልካኝ ነው እያልኩ አውርቻለሁ፤ ውሸት ነው፣ ማንም አልላከኝም። ኪሱ ውስጥ ክብሪት አገኘሁና ወስጄ ሰጠኋት። አባዬ የናይለን ክር ጫፍ ማቃጠያ ነው አለን። ሰማነው እንጂ አላመንነውም። በእኛ ቤት ሲጋራ ከስርቆት የማይተናነስ ነውር ነበር። እኔም አኮረፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሚሞት አባቴን አኮረፍኩ።

ደግሞ ጉዴን ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሲታጠን፣ የሰፈሩን ቆሻሻ ደጃችን ላይ ከምሬ፣ በሽታው ይውጣለት ብዬ ያቀጣጠልኩት እኔው ነኝ። ኩርፊያዬም እንዳለ ነው፣ ምኞቴም እንዳለ ነው። ጭሱ በመስኮት ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስለው ዋለ።

በሳምንቱ እማዬ የንስሐ አባታችንን ጠራች። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ «ተናዘዝና ዳንልኝ» አለችው። አባዬ መጀመሪያ ካህኑን አያቸው። ከዚያ እሷን አያት።

«አዎ አባቴ፣ አጭሻለሁ» አለ።

ካህኑ በሽተኛ ነው ብለው ስግደቱን ተዉለትና በየቀኑ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እንዲል አዘዙት። ሃያ ሳይደርስ ሳል ያቋርጠዋል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እማዬ ግን ያን ሰሞን ፊቷ በራ፣ አጥሚቱን እያማሰለች ታንጎራጉር ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ እውነት ታጨስ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እናትሽን ቀለል ብሏታል አይደል?» አለኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ።

ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ስገለባበጥ ኖርኩ። አጭሶ ከሆነ ሃያ ዓመት ዋሸን። አላጨሰም እንዳልል ለንስሐ አባት የዋሸ ሊሆን ነው፣ እሱን ደግሞ ማሰቡም ይከብዳል። ሰላም ከሳፋው አጠገብ ቁጭ ብላ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ የአባትዎ በሽታ በምን እንደመጣ ማንም አስረግጦ ሊነግርዎት አይችልም፣ ያን ያህል ዓመት መንገድ ዳር መዋል ግን ቀላል አይደለም አለችኝ። ይባስ ግራ ገባኝ።

እማዬ ከእኔ ጋር ናት። ሰማንያን አልፋለች፣ ጆሮዋም አእምሮዋም ደህና ነው። ልንገራት፣ አልንገራት ስል ሁለት ቀን አለፈ። ብነግራት ባልሽን ያለ ኃጢአቱ ንስሐ አስገባሽው ማለቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ! ዝም ብል ደግሞ አባዬ እንደተከሰሰ ሊቀር ነው። ሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አጠገቧ ተቀምጬ ነርሷ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት።

እማዬ አልደነገጠችም። የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለችና «አባትሽማ አጭሶ አያውቅም» አለች። «ክብሪቱንም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አናዘዝሽው?»

«ሲጋራ ቢሆን በሽታው በንስሐ ይለቀው ነበራ። መንገዱን ማን ያናዝዝልኝ?»

ልቆጣትም ላቅፋትም ፈለግሁ። እሷ አጭሷል ያለችው እንዲድንላት ነው፤ እሱ አጭሻለሁ ያለው እሷን ሊያሳርፍ ነው። ሁለቱም እውነቱን ያውቁ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ነገሩ እውነት መስሎኝ ፊቴን ያዞርኩበት እኔ ብቻ ነበርኩ።